የቡን ሌንግ ምላስ

የካቲት 4፣ ሃት ያይ

ድንበሩን በባቡር ተሻገርን። ፍተሻው ቀላል ነበር። ባሌ ቡን ሌንግ መንገድ ላይ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ሰጠኝ፤ የራሱን ግማሽ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትቶት ወረደ። ጣፋጭ ብርቱካን ነበር።

በየዓመቱ የቻይና አዲስ ዓመታችን ካለፈ በኋላ እንዲህ እንወጣለን። ከፔናንግ ሃት ያይ፣ ባንኮክ፣ ፕኖም ፔን፣ ሳይጎን፣ መጨረሻ ላይ ፋን ቲየት። ዓሣ በጨው ከድነው ለምግብ ማጣፈጫ ጭማቂውን የሚያወጡ ጠማቂዎችን ቤት እየዞርን ለሱቃችን የሚሆነውን ባሌ ይቀምሳል፣ እኔ ዋጋ እቆርጣለሁ። በደረስንበት ሁሉ ይደገስልናል፤ ጠማቂ ቤት ገብቶ ሳይበሉ መውጣት ነውር ነው። ምላሱን የወረሰው ከአባቱ ነው። ፔናንግ ውስጥ «ቡን ሌንግ ቀምሶታል» ከተባለ ክዳን ከፍቶ የሚያሸት ሰው የለም።

ዘንድሮ ምላሱ የለም። ኅዳር ላይ ይዞት ከነበረው ትኩሳት ከተነሣ ወዲህ ጨውን ከስኳር አይለይም። ሐኪሙ «አንዳንዱ ይመለስለታል» ብሏል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ሱቁን ትተንላት የመጣነው ልጃችን ፔይ ዪንም አታውቅም።

ባቡሩ ላይ ዘዴውን ተስማማን። ጭማቂው ሲቀርብ ለወጉ ያህል ቀድሜ እኔ እቀምሳለሁ። ጥሩ ከሆነ ጠረጴዛው ሥር እግሩን አንድ ጊዜ እረግጠዋለሁ፣ መጥፎ ከሆነ ሁለት ጊዜ። ከዚያ እሱ ይቀምስና ይናገራል። በራሴ ስም ብናገር የሚሰማኝ የለም። የሴት ምላስ እንደ ጨረቃ ይለዋወጣል ይላሉ በእኛ ንግድ።

«ተስማማን» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ያለው «እንዳልሽ» ነው።

የካቲት 6፣ ሃት ያይ

ቁርስ አጎት ሳው ዘንድ። የአባቱ ወዳጅ የነበሩ፣ ግቢያቸው ሙሉ የሸክላ ጋን የሆነ ሽማግሌ ናቸው። በጠዋቱ የአሳማ ጎድን በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ተቀቅሎ፣ ዶሮ ተጠብሶ በላዩ ቀይ ሽንኩርት እንደ ቅርፊት ተነስንሶበት፣ በእንፋሎት የበሰለ የሽሪምፕ ጥቅልል በየቅርጫቱ። ቡን ሌንግ ከሁሉም አነሣ፣ ሁሉንም አኘከ።

«ሌንግ፣ ሆድህን የት ጥለኸው መጣህ?» አሉት አጎት ሳው። «አምና እኮ በዚህ በር የገባኸው በጎንህ ነው።»

«ሚስቴ በላችው።»

«እሷማ ሁሉን ትበላለች። ነግሬህ ነበር ያኔ፤ በእንቅልፏ ዋጋ የምትከራከር ሴት አታግባ ብዬ።»

«ባልከራከርማ ጋንዎን ማን ይገዛልዎት ነበር አጎቴ?» አልኳቸው። ሳቅን።

የመጀመሪያው ጋን ጥሩ ነበር፤ አንድ ጊዜ ረገጥኩት። ነጭ ሩዝ በማንኪያ ይዞ ጠብ አደረገበትና አፉ ውስጥ አቆየው፣ ዐይኑን ጨፈነ። «መጀመሪያ ጨው ነው፣ ከዚያ ይለሰልሳል» አለ። «መጨረሻው ላይ ደግሞ ቆዳ ቆዳ ይላል።» ቃል በቃል ከዚህ በፊት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተናገረው ነው። ማንም ልብ አላለም። ሁለተኛው ጋን ውኃ ገብቶበታል። ሁለት ጊዜ። «ይሄ ይቆይልኝ» አለ።

ተሳካ። ከእንግዲህ ቀላል ነው።

ስንወጣ ጫማውን እየጠረገ «ቀስ ብለሽ ርገጪ» አለኝ።

የካቲት 9፣ ወደ ባንኮክ

በችኮላ። ባቡሩ ዘግይቷል። አጎት ሳው ለስንቅ የሰጡንን ፈታሁ፤ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መሐሉ ጥቁር ባቄላ። ሁሉንም እኔ በላሁ። እሱ «አልራበኝም» አለ። ትናንትም አልራበውም ነበር። ረሃብም ከምላስ ጋር አብሮ ይሄዳል መሰለኝ። ሐኪሙን መጠየቅ።

የካቲት 11፣ ባንኮክ

ዛሬ ናሪን ጋበዘን። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። በአባቱ ጊዜ አንድ ጋሪ የነበረው የኑድል ንግድ ዛሬ በየሰፈሩ ምግብ ቤት ከፍቷል። የእኛን ቋንቋ የተማረው ከአያቱ ስለሆነ ሲናገር እንደ አሮጊት ነው፤ ደስ ይላል።

ወንዝ ዳር አስቀመጠን። ከሰል ላይ የተጠበሰ ክንድ የሚያህል ሽሪምፕ መጣ፤ ከጭንቅላቱ የሚወጣው ቅባት ሩዙ ላይ ይፈስሳል። ሸርጣን በእንቁላልና በካሪ። በሎሚና በነጭ ሽንኩርት የተቀቀለ ዓሣ፣ ሥሩ ከሰል እየነደደ።

ናሪን ነገሩን ያመጣው ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው። ጨዋ ሰው ነው።

«አጎቴ፣ ለቤቶቼ ሁሉ አንድ ጭማቂ ብቻ እፈልጋለሁ። ከአንድ ጠማቂ፣ በእርስዎ ምርጫ። ፋን ቲየት አብሬያችሁ ልምጣና ሲመርጡ ልይ። ከዚያ በየዓመቱ እርስዎ ይቀምሱልኛል። ጠርሙሱ ላይ ፎቶዎን እለጥፋለሁ።»

«የእኔ ፊት እኮ ዓሣውን ያስደነግጠዋል እንጂ አያሸጠውም» አለ ቡን ሌንግ።

«ሰው የሚያምነው እንዲህ ያለ ፊት ነው። ቆንጆ ሰው ምግብ አያውቅም።»

ይህ ቀልድ አይደለም። አከራያችን ሱቁን ለሆቴል ሊሰጠው ተዘጋጅቷል። የቡን ሌንግ አያት የከፈቱት ሱቅ ነው፤ ፔይ ዪንም ሌላ ሥራ አልተማረችም። ከናሪን ጋር ከተዋዋልን ቤቱን ገዝተን በስማችን እናዞረዋለን። ካልተዋዋልን እስከ ክረምት ዕቃችንን እናወጣለን። የሚያስፈልገው ፋን ቲየት ላይ አንድ ጠዋት ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ደህና መቅመስ።

አስተናጋጇ ሳህን ስታነሣ ለባልደረባዋ ያለችውን ሰማሁ። «ሰውየውን አየሽው? መድኃኒት እንደሚውጥ እኮ ነው የሚበላው።» ታይኛ የማንሰማ መስሏታል። ቡን ሌንግም ሰምቷል። ጥርሱን በስንጥር መጎርጎር ጀመረ።

የካቲት 14፣ ባንኮክ

ዛሬ ሊያበላሸው ነበር።

ናሪን በጋሪ ላይ የሚሸጥ ኦይስተር የሚባል፣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባሕር ሥጋ ጥብስ ሊያስቀምሰን ወደ ድሮ ሰፈሩ ወሰደን። ቆመን እየበላን ቡን ሌንግ ሳህኑን አስቀመጠና «ናሪን፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ» አለው።

«ምን አጎቴ?»

«ስለ መኪናው ነው» አልኩ እኔ። «መኪና ያጥወለውለዋል። ወደ ሳይጎን በአውሮፕላን ቢሆን ይመርጣል፤ አፍሮህ ነው።»

ናሪን ሳቀ። ቡን ሌንግ ሳህኑን መልሶ አነሣ።

አልተቆጣሁትም። ክፍላችን ስንገባ ተራ በተራ አስረዳሁት፤ ሱቁን፣ ልጃችንን፣ የአባቱን ስም። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ። በመጨረሻ «ጨረስሽ?» አለኝ። «አዎ» ስለው መብራቱን አጠፋ።

ኦይስተሩ ዳር ዳሩ ተንኮሻኩሾ መሐሉ ገና ለስላሳ ነበር። ናሪን ሰፈሩን ያውቃል።

የካቲት 19፣ ፕኖም ፔን

ሙቀት። ናሪን ሳይጎን ይጠብቀናል፣ እዚህ ብቻችንን ነን። ሦስት ጠማቂ፣ ሦስት ምሳ። ማንንም እንቢ ማለት አይቻልም። በአረንጓዴ ቁንዶ በርበሬ የተጠበሰ ካላማሪ የሚሉት የባሕር እንስሳ፣ በኮኮናትና በቅጠል የታፈነ ዓሣ፣ እንደገና ዓሣ።

ጠዋት አንዱ ጠማቂ በጋበዘን የኑድል ሾርባ ላይ ሳለን አየሁት። ለማጣፈጫ የሚቀርበውን ቃሪያ ባዶውን ያኝካል፣ አንዱን ከአንዱ እያስከተለ። ላቡ እስከ አንገቱ ወርዷል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ይሄ ይሰማኛል።»

«ምኑ?»

«ማቃጠሉ። አፍ እንዳለኝ ያስታውሰኛል።»

ሸሚዙን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ቃሪያ አገኘሁ። ጣልኩት። ሆዱን ቢያመው ፋን ቲየት ላይ ምን እንሆናለን።

የካቲት 24፣ ሳይጎን

ቀበቶውን በምስማር በስቶ አዲስ ቀዳዳ አውጥቶለታል። ጫፉ ተርፎ ወደ ጀርባው ይዞራል። ናሪን ዐይኑ ያዘው። ገበያ ወረድኩና አጠር ያለ ቀበቶ ገዛሁለት፣ ሱሪውንም ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ አስጠበብኩት። አሁን ደህና ይቀመጣል።

ፔይ ዪን ደወለች። «አባዬ እንዴት ነው?» ስትል «ይበላል» አልኳት። ውሸት አይደለም።

የካቲት 27፣ ሳይጎን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በላን። ጠዋት የተሰባበረ ሩዝ ከከሰል ጥብስ ጋር። ቀትር ላይ መጥበሻ ውስጥ ሲፈስስ የሚንጫጫው ስስ ቂጣ፣ ውስጡ ሽሪምፕና ቡቃያ፣ በሰናፍጭ ቅጠል እየጠቀለልን። ማምሻውን ናሪን ጎዳና ላይ ትንንሽ ወንበር ስቦ ቀንድ አውጣ በጠጅ ሣር አስቀቀለልን።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ዕድሜዬን እንዲህ ቀምሼ አላውቅም። ድሮ የሚቀምሰው እሱ ነበር፤ እኔ እበላ ነበር እንጂ። አሁን አንድ ጉርሻ ስይዝ ጨውን፣ ጭሱን፣ ዘይቱ አዲስ ይሁን የከረመ ለየብቻ አገኛቸዋለሁ። ዛሬ ማታ የቀንድ አውጣው መረቅ ላይ ጠጅ ሣሩ ከዝንጅብሉ ቀድሞ ሲመጣ ሳቄ መጣ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ...

ይህ ለሥራው አይጠቅምም።

ናሪን «አክስቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ባሌን ጠይቅ» አልኩት። ባሌ የቀንድ አውጣውን ቅርፊት ሳህኑ ላይ በመጠን እየደረደረ ነበር።

ክፍላችን ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጊዮክ ሲም፣ ቤት እንሂድ።»

«ከፋን ቲየት በኋላ።»

«ከፋን ቲየት በኋላማ በየዓመቱ ነው። ፊቴ ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈ ማን ይለቀኛል?»

«እስከዚያ ይመለስልሃል።»

«ባይመለስስ?»

«ያኔ እናስብበታለን።»

«አንቺ ታስቢበታለሽ» አለኝ። ክፉ ድምፅ አልነበረውም። ሊያመሰግነኝ የፈለገም ይመስል ነበር።

መጋቢት 1፣ ፋን ቲየት

ደረስን። ከተማው ከጣቢያው ጀምሮ ይሸታል፤ ለእኛ የሥራ ሽታ ነው። ቡን ሌንግ ከባቡር ወርዶ እንደ ልማዱ አየሩን ስቦ ቆመ፣ ከዚያ ሻንጣውን አነሣ።

እማማ ሚ ሃ ጠበቁን። ሰባን ያለፉ ባልቴት ናቸው፤ በዚህ ባሕር ዳር ከሳቸው የእንጨት በርሜል የሚሻል ጭማቂ የለም። ነገ የባላቸው የሙት ቀን፣ የሞቱበት ዕለት በየዓመቱ የሚታሰብበት ነው። «ነገ ከሟቹ ጋር ትበላላችሁ፣ ከነገ ወዲያ ትቀምሳላችሁ» አሉ። ናሪን እጅ ነሣ። ነገ ሥራ የለም ማለት ነው። ዕረፍት።

መጋቢት 2፣ ፋን ቲየት

ይህን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

ለሟች የሚቀርብን ምግብ ያበሰለች ሴት አትቀምሰውም። የሕያው ምላስ ቀድሞ ከነካው ሟቹን መናቅ ነው። ጨው የሚገባው በዐይንና በእጅ ልማድ ነው፤ ፔናንግም ይህንኑ እናደርጋለን። ስለዚህ በሙት ቀን ምግቡ አንዳንዴ ይበላሻል፣ ሰዉም ይሳሳቃል፣ ሟቹም አይቀየሙም ይባላል።

የእማማ ሚ ሃ ሁለት ምራቶች ሲሠሩ ዋሉ። በተቃጠለ ስኳር የሚበስል ዓሣ በሸክላ ድስት፣ የቀርከሃ ቡቃያ ከአሳማ እግር ጋር፣ ጎምዛዛ ሾርባ። የሟቹ ፎቶ ፊት ተደረደረ። የሚጤሰው የዕጣን እንጨት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከዚያ ምንጣፍ ተዘረጋ።

ጠረጴዛ የለም። ይህን ቤት የምናውቀው በበርሜሎቹ በኩል ባለው ቢሮ ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ አለ፤ እዚህ ውስጥ ገብተን አናውቅም። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች ማዶ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ግን ዛሬ ሥራ የለም ብዬ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

የሸክላው ዓሣ ዞረ። አንድ ቁራሽ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጨው። ባሕሩን ራሱን ድስት ውስጥ የገለበጡት ይመስላል። አጠገቤ ያለችው ምራት ዐይኗ ፈጠጠ።

«አንቺ ጭማቂውን ጨምረሽበት ነበር እንዴ?» አለቻት ለሌላዋ።

«አዎ፣ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትወጪ።»

«እኔም እኮ ጨምሬ ነው የወጣሁት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሻይ ሻይ ተባለ። እማማ ሚ ሃ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ወደ ፎቶው ዞሩ። «ይቅር ይበሉኝ አንቱ፤ ዛሬ ጠምቶዎት ሊያድሩ ነው።» እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁ፤ ለዚህ ነው ወደ ማዶ ያላየሁት።

ስመለከት ቡን ሌንግ አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛውን ቁራሽ እየበላ ነው። ምራቶቹ የተባባሉት እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ሳቁ የሌላ ነገር መስሎታል። የሙት ቀን ላይ እንግዳ ዓሣውን ሳያመሰግን አይቀርም፤ ቀና አለና በዚያ ሁሉም በሚያምነው ድምፁ ተናገረ።

«እማማ፣ ይሄ ልክ ነው። ስኳሩና ጨዉ ተመዛዝነዋል። ከዚህ በላይ ጠብ ቢል ይበላሽ ነበር።»

ሳቁ ቆመ። ናሪን መብሊያ እንጨቶቹን አስቀመጠ።

«አጎቴ፣ እስቲ ይድገሙልኝ።»

ቡን ሌንግ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ወደ እኔ ሲደርስ ቆየ። እግሬ ከእሱ ሩቅ ነበር።

«ቀልዱን ነው» አልኩ። «ፔናንግ ውስጥ እንዲህ ነው የሚቀልደው፣ ፊቱን ሳያጥፍ።» ዐይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት።

«አይደለም» አለ ቡን ሌንግ። «ከኅዳር ወዲህ ምንም ጣዕም አይሰማኝም። ሩዙም፣ ዓሣውም፣ ይሄም ሻይ። እሷ ናት የምትቀምሰው። እግሬን ስትረግጠኝ እናገራለሁ።»

 ተናግሮ ሲጨርስ ትከሻው ወረደ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። እማማ ሚ ሃ ሳህኑን ወስደው ዓሣውን አነሡና ነጭ ሩዝ ብቻ አድርገው መለሱለት።

«ባሌም ያበሰልኩትን ሁሉ ዝም ብሎ ነበር የሚበላልኝ» አሉ። «ጨዋነቱ ነው እል ነበር። አሁን ግን ጠረጠርኩት።»

ቡን ሌንግ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል።

መጋቢት 3፣ ፋን ቲየት

ናሪን ቁርስ ላይ ብቻዬን አገኘኝ።

«አክስቴ፣ ሳስብበት አደርኩ። ሃት ያይ የመረጣችሁትን፣ ፕኖም ፔን የመረጣችሁትን ናሙና ሁሉ ወደ ባንኮክ ልኬ አስቀምሼ ነበር። አንዱም አልተሳሳተም። ስለዚህ የሆነ ነገር የለም። እርስዎ ይቅመሱ፣ አጎቴ ይናገሩ። ፊቱ የሳቸው ይሁን። የትናንቱ ወሬ ከዚያ ምንጣፍ አይወጣም፤ እማማንም አነጋግሬያቸዋለሁ።»

ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም እሱን ብሆን ይህንኑ ነበር የማቀርበው።

«ባለቤቴ ምን አለ?»

«ጠየቅኋቸው። ‹እሷ ካለች› አሉኝ።»

ልፈልገው ወጣሁ። ባሕሩ ዳር፣ ክብ የቅርጫት ጀልባዎቹ ተገልብጠው በሚደርቁበት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። የእማማን ነጭ ሩዝ በቅጠል ይዞ በጣቱ ይበላል። ማንም አያየውም ብሎ ነው። ዐይኑን አልጨፈነም፣ ጭንቅላቱን አልነቀነቀም፣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። እንደ ማንኛውም የራበው ሰው ይበላል። ቆሜ አየሁት። ከኅዳር ወዲህ ስንት ጠረጴዛ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ አፉን ስጠብቅ ነበር፣ እንዲህ ሲበላ ግን አላየሁትም። አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ቀጥኖ ወጥቷል። ሱሪውን ያስጠበብኩት እኔ ነኝ።

አልጠራሁትም። ተመለስኩ።

«ቀማሽ ከፈለግህ እኔ አለሁ» አልኩት ናሪንን። «በስሜ፣ በፊቴ። ባሌ የለበትም።»

«አክስቴ፣ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ ያውቁታል። ጠማቂዎቹም ደንበኛውም የሚያውቁት የሳቸውን ስም ነው። የሴት ምላስ ብዬ ባንኮክ ውስጥ ብለጥፍ ይስቁብኛል።»

«ይስቁ። ወይም ሌላ ፊት ፈልግ።»

«ሱቁስ?»

ስለ ሱቁ ሁሉንም ነገር እኔው ነኝ የነገርኩት፤ ልቡን አራራለሁ ብዬ። «ሱቁ የእኔ ጉዳይ ነው» አልኩት።

ሻዩን ጨረሰ። እንደ አያቱ አድርጎ እጁን አጣምሮ አመሰገነኝ፣ ቀትር ላይ ወደ ሳይጎን ተመለሰ። ሐሳቡን የሚቀይር ሰው አይመስለኝም።

ለፔይ ዪን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከትኩሳቱ ጀምሬ። «እኔን ለምን ደበቃችሁኝ?» አለች። «እኔ ነኝ የደበቅሁሽ፣ እሱ አይደለም» አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ጋኖቹን የት እንደምናዞራቸው ጠየቀችኝ። ልጄ ናት።

ከናሪን ጋር የተባባልነውን ለቡን ሌንግ ነገርኩት።

«አያቴ ሱቁን...»

«አውቃለሁ።»

«ታዝኛለሽ በኋላ።»

«አዝናለሁ» አልኩት። «ተነሥ፣ ዕቃ እንሰብስብ።»

መጋቢት 5፣ ሳይጎን

ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንዲት ሴት በትልቅ ድስት የሩዝ አጥሚት ከዳክዬ ጋር ትሸጣለች። ጊዜ ነበረን፤ ተቀመጥን። በዚህ ጉዞ ማንም ሳይጋብዘን የበላነው የመጀመሪያ ምግብ ነው። ጠረጴዛዋ ትንሽ ናት፣ ጉልበታችን ይነካካል።

እሱ ቀስ እያለ ይበላል። እኔ ድስቷን፣ መንገዱን፣ ዕቃ የሚጭኑትን ሰዎች እያየሁ በላሁ። ወደ እሱ አላየሁም። ያን ያህል ከባድ ሥራ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«ምን ምን ይላል?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«ዋጋውን አልጠየቅሁሽም።»

ከኅዳር ወዲህ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ነግሬው አላውቅም። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ፤ አንድ ማንኪያ ደግሜ ያዝኩ።

«ሩዙን መጀመሪያ ቆልታዋለች» አልኩት። «ጥሬ የገባ ሩዝ አይደለም፣ እሳት ያየ ነው። ሥር ሊይዝ ሲል ነው ያነሣችው፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፤ ሳታስበው የሆነ ይመስለኛል፣ ግን ያምርበታል። ዳክዬው ያረጀ ነው፣ ሥጋው ጠንከር ይላል፣ ቅባቱ ግን ጣፋጭ ነው። እናትህ የታመመ ሰው ሲኖር የምትሠራውን ታስታውሳለህ? እሱን ይመስላል፣ ይሄ ግን ዝንጅብሉ ይበዛል።»

«የሷ ዝንጅብል አይበዛም ነበር።»

«አይበዛም ነበር።»

ዐይኑን ጨፈነ። ማንኪያውን ሞልቶ አፉ ውስጥ ከተተ፣ ቀስ ብሎ ዋጠ።

«ቀጥዪ» አለኝ።

የባቡሩ ጥሪ ሲሰማ ገና ስለ ዝንጅብሉ እየነገርኩት ነበር።